የምንይሉ ትንፋሽ

አባቴ አንዲት ትንፋሽ ለመስማት ሲል ስንት ዴክ እንደገዛና መልሶ እንደሸጠ ቢጠየቅ ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። የሰው አባት ያጨሳል፣ የሰው አባት ጠጥቶ እየዘፈነ ይገባል፤ የእኔ አባት ካሴት ማጫወቻ ይገዛል። በገዛው ሰሞን እንደ አራስ ልጅ ይሳሳለታል፤ አቧራ እንዳይነካው ነጠላ ያለብሰዋል፤ እኔን በአጠገቡ አያሳልፈኝም። ከዚያ ፊቱ እየጠቆረ ይመጣና አንድ ቀን «ይቺም ደነዘች» ይላል። «ይቺም ደነዘች» ካለ አለቀ። ዴኳን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ አሚር ሱቅ ይወስዳታል፤ ሲመለስም ባዶ እጁን አይመለስም።

አባቴ ዘውገ ይባላል። ከጎጃም እንደመጣ እህል በረንዳ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ገባ፤ በኋላ ባለቤቱ ሲያረጁ ወፍጮውን ገዛቸው። ቤታችን ከሰባተኛ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሦስት ቤተሰብ የሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ የአባቴን ምሳ በሳህን ቋጥራ ትልከኛለች። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ገና ሳልደርስ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሞተሩ ያጓራል፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ያፏጫል፣ ድንጋዩ በድንጋዩ ላይ ይዞራል፤ የሰው ድምፅ የሚባል ነገር እዚያ ቤት የለም። ሰው የሚነጋገረው በእጁ ነው። ሁለት ጣት ማፋተግ ጤፍ ነው። አፍንጫ መያዝ በርበሬ ነው፤ በርበሬ ሊመጣ ነውና ልጆች ውጡ ማለትም ነው። ዱቄቱ ሸካራ ከሆነ ጣትን በአየር ላይ ማዞር ነው፤ ድገመው ማለት። የቀረውን ከከንፈር ያነቡታል።

ይህ ልማድ ከአባቴ ጋር ቤት ድረስ ይመጣል። ሲያወራን ዓይን ዓይናችንን ሳይሆን አፍ አፋችንን ነው የሚያየው። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የፊት ጥርሶቼ ወለቁና አፌን በእጄ እየከለልኩ ማውራት ጀመርኩ። አባቴ ይሄን አይወድም ነበር። «እጅሽን አንሺ ሰገነት» ይለኛል ቆጣ ብሎ፤ እሺ ካላልኩ ራሱ እጄን ይዞ ያወርደዋል። እኔም ወላቃ ጥርሴ ደስ ቢለው ነው ብዬ ኮራሁ። እናቴ ቦሰና ያስቀየመችኝ ጊዜ እሱ ፊት ሄጄ አፌን ከፍቼ እቆማለሁ። ዛሬ የሚያየው ጥርሴን እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በአጎቴ በምንይሉ ነው። ምንይሉ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ከእኛ ጋር ይኖራል፤ በአንድ የባህል ቡድን ውስጥ ዋሽንት ይነፋል። ዋሽንቱ የመቃ አልነበረም። ከምናለሽ ተራ የገዛውን የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ራሱ በስቶ፣ ራሱ ሞርዶ የሠራው ነበር። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ አባቴ የኩሽናዋን ትንሽ ቴፕ አምጥቶ ምንይሉ ፊት አስቀመጠና ቀይዋን ቁልፍ ተጫነ። ምንይሉ የካሴቱ አንድ ገጽ እስኪያልቅ ነፋ። እኔ እግሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ቡድኑ ባሕር ዳር ሥራ አገኘና ሲሄዱ ዓባይ በረሃ ላይ መኪናቸው ገደል ገባ። እዚያው አገር ቤት ቀበሩት። አባቴ ለቀብሩ አልደረሰም።

ካሴቱ ላይ አንድ ቦታ አለች። ዜማው ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ይቆማል፤ ምንይሉ ዋሽንቱን ከከንፈሩ ያላቅቅና አየር ይስባል፤ ከዚያ ይቀጥላል። አባቴ የሚፈልገው ያችን ነበር።

«ዜማውንማ ማንም ይነፋዋል» ይላል። «ትንፋሹን ስሰማ ግን እዚህ ጎኔ የተቀመጠ ይመስለኛል።»

ታዲያ አንድ ቀን ትንፋሿ ጠፋችበት። አባቴ የኩሽናዋን ቴፕ ፈታታት፣ በጥጥና በአልኮል ጠረጋት፣ መልሶ ገጠማት፤ የለችም። «ካሴቱ ላይ አለች፤ ይቺ ቴፕ ናት ያረጀችው» አለ። ቴፗን ለእናቴ መለሰላትና አሚር ሱቅ ሄዶ የመጀመሪያውን ዴክ ገዛ። የጃፓን ነበር፤ ፊቱ ላይ የሚዘሉ አረንጓዴ መብራቶች ነበሩት። እኔ መብራቶቹን ሳይ ምንይሉ እነሱ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

አሚር የወሎ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሲስቅ ሳቁ ወደ ሳል የሚለወጥበት፤ አስም ነበረበት። ሱቁ ከእኛ ሰፈር ብዙ አይርቅም። አገራቸው ከሚመለሱ የኤምባሲ ሰዎች ዴክ፣ አምፕሊፋየር፣ ስፒከር ይገዛል፤ ከሱቁ መደርደሪያ ይልቅ ግን ሰዎች ቤት የሚያድረው ይበዛል፤ ምክንያቱም ደንበኞቹ ዛሬ ገዝተው ነገ የሚመልሱ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ጋሽ ወልደሚካኤል ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ፣ ሁልጊዜ ከረባት የሚያስሩ ሽማግሌ። እሑድ እሑድ ሁለቱም እኛ ቤት ይመጣሉ። አባቴ የምንይሉን ካሴት ከተጠቀለለችበት መሀረብ አውጥቶ ከማጫወቱ በፊት የእሳቸው ወሬ ይቀድማል።

«ደግሞ ልሸጣት ነው» አሉ አንድ እሑድ።

«ባለፈው ወር አይደል እንዴ የወሰዷት፣ ጋሽ ወልደሚካኤል? ከእንግዲህ እስክሞት ሌላ አልገዛም ብለውኝ?» አለ አሚር።

«እኔ የምገዛው የመጀመሪያዋን ምሽት ነው። ካርቶኑን ስከፍት፣ ሽቦውን ስሰካ፣ ምን ልታሰማኝ ይሆን ስል። ከዚያ በኋላማ ዕቃ ነው፤ አቧራ ስትጠርግለት መኖር ነው። ደግሞ እኔ ቤት ካለው ይልቅ አንተ ሱቅ ያለው ሁልጊዜ ደህና የሚናገር ይመስለኛል።»

«የሁላችሁም በሽታ ይቺው ናት» አለና አሚር ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ወደ በሩ ዞሮ እስኪተወው ጠበቁት።

አባቴ አልሳቀም። ጨዋታው ካለፈ በኋላ «ምን አሉ?» ብሎ እናቴን ጠየቃት። ለእሱ ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። ካሴቷን ያስገባል፣ ወደ ስፒከሩ ይጠጋል። ቦታዋ ስትደርስ እጁን ያነሳል፤ እጁ ሲነሳ እናቴ ሳትቀር እጇ ላይ ያለውን ታቆማለች። አዲስ ዴክ በገባ ቀን ሁልጊዜ «አለች! ይኸው አለች!» ይላል። ወሩ ሳያልቅ ግን እጁን አንስቶ ይጠብቅና ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ያ እጅ ሲወርድ ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር። አሁን ሳስበው፣ አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ለጥቂት ጊዜ መስማት የሚፈልገውን ይሰማል። በኋላ ምኞቱ ሲደክም የሚቀረው ጆሮው ነው።

አንድ ቀን አባቴ ሥራ ላይ ሆኖ እኔና እናቴ ኩሽና ውስጥ ምስር እንለቅማለን። ምን እንዳነሳሳኝ እንጃ፣ ካሴቷን ከመሀረቧ አውጥቼ በዚያች ባረጀችው ቴፕ ከፈትኳት። እናቴ አልተቆጣችም፤ ምንይሉን እንደ ወንድሟ ትወደው ነበር። ዜማው ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ትንፋሿም መጣች። አጭር፣ ቀጭን፣ ትኩስ ሻይ ፉት ሊል የደረሰ ሰው በከንፈሩ ጫፍ እንደሚስባት ዓይነት።

«እማዬ! እዚህም ላይ አለች እኮ!»

እናቴ ምስር በነካው ጣቷ ቁልፏን ተጭና ዘጋችው።

«ሰምተሻታል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው።»

ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ጊዜ ብቻዬን ነገሩን አወጣሁ አወረድኩና አንድ ነገር ላይ ደረስኩ። እኔ የሰማኋት ትንፋሽ አባቴ የሚፈልጋት ትንፋሽ አይደለችም። ይቺን ማንም ይሰማታል፤ ሁለተኛ ክፍል ያለች ልጅ በኩሽና ቴፕ ትሰማታለች። ለዚህችማ ማን የጃፓን ዴክ ይገዛል? ስለዚህ ከእሷ ኋላ የተደበቀች ሌላ ትንፋሽ አለች፤ ትልቅ፣ የአዋቂ ትንፋሽ፤ ውድ መሣሪያ ብቻ የሚያወጣት። እናቴ ዝም ያሰኘችኝ አባቴን በትንሿ እንዳላሞኘው ነው። በዚህ ግኝቴ በጣም ረካሁ፤ ከዚያ በኋላም እሑድ እሑድ እንደ አባቴ ትልቋን እጠብቅ ጀመር።

ጎረቤታችን እትዬ ሸዋርካብሽ ግን ሌላ አስተያየት ነበራቸው። ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ንግድ ከእሳቸው ወዲያ ላሳር የሚሉ።

«ያ አሚር የሚባለው ባልሽን እንደ ላም እያለበው ነው» አሉ አንድ ቀን፣ ኩሽናው በር ላይ ቆመው። «የወሰደው ሁሉ በወሩ የሚደንዘው ለምን ይመስልሻል? የሞተ ዕቃ እየቀባባ ነው የሚሸጥለት።»

«አሚርን ተዪው ሸዋዬ» አለች እናቴ። «አሚር እኮ የመለሰለትን ዕቃ አንድም ቀን እምቢ ብሎት...» አለችና እኔን ስታየኝ አቆመች። «ሰገነት፣ ሂጂ ውጪ ተጫወቺ።»

ወጣሁ፤ ግን የምይዘውን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሚርን ጠላሁት። የሚሰጠኝን ከረሜላ አመስግኜ ተቀብዬ ቦይ ውስጥ እጥለው ነበር።

ጥላቻዬን ያጸናልኝ ደግሞ ራሷ እናቴ ናት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ጫማ ገዝታልኝ ስንመለስ በአሚር ሱቅ በኩል ጎራ አልን። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ዴክና ሬዲዮ ነው። አሚር አባቴ ያን ሰሞን የመለሰውን ዴክ ከመደርደሪያ አውርዶ አንድ ካሴት ከፈተበት። መንዙማ ነበር። ድምፁ ሱቁን ሞላው፤ የድቤው ቆዳ ሳይቀር በጣት ሲነካ ይሰማል።

«ይኸው እትዬ ቦሰና። ምን ሆነች? ወላሂ ከዚህ በላይ መናገር አትችልም።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ሦስተኛዋም እንዲሁ ነበረች፣ ከእሷ በፊት የነበረችውም» አለ አሚር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይነገረው እንዴ?» አለች እናቴ።

«የነገርነው ዕለት ምንይሉ ሁለተኛ ይሞትበታል።»

«ታዲያ እስከ መቼ?»

አሚር ዴኩን ዘግቶ ወደ መደርደሪያው መለሰው። እኔ ከጫማ ካርቶኔ ጋር በሩ ላይ ቆሜ በደንብ ሰማኋቸው፤ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ዴኮቹ የተበላሹ ናቸው፣ አሚር ያውቃል፣ እናቴም ታውቃለች፤ አንድ ሆነው ከአባቴ ይደብቃሉ። እናቴ ከሌባው ጋር መወገኗ ክፉኛ አሳዘነኝ። አዲሱን ጫማዬን ሳላደርገው ብዙ ቀን አስቀመጥኩት።

የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ አባቴ ባሰበት። ምግብ ይተዋል። የግቢው ቆርቆሮ በር ሲደበደብ ተቀምጦ እያለ አይከፍትም፤ ጎረቤት ኮራብን አለ። ወፍጮ ቤት ላይ በርበሬ የነካ ድንጋይ ላይ የሰው ጤፍ ጨምሮ ተሰደበ፤ ሴትየዋ «በርበሬ ነው፣ በርበሬ ነው!» ብላ ጮኻለች አሉ፤ ፊቷን አዙራ ነበር የጮኸችው። ካሴቷን ግን በየቀኑ ያጫውታል፤ እጁን ያነሳል፤ ያወርዳል።

እንዲህ በሆነበት ሰሞን አሚር መጣ። ሳይቀመጥ አባቴ ፊት ቆሞ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየረገጠ ተናገረ።

«ዘውገ፣ ካሴቷ ሳስታለች። አንድ ቀን ትበጠስና ታለቅሳለህ። ስጠኝ፣ በአዲስ ካሴት ልቅዳልህ። ደግሞ አንድ ዴክ ሊመጣልኝ ነው፤ የጀርመን ነው፤ እንደሱ ያለ እዚህ አገር ገብቶ አያውቅም። በእሱ ነው የምቀዳት።»

አባቴ ካሴቷን ለመስጠት ብዙ አንገራገረ። በመጨረሻ በመሀረቧ እንደተጠቀለለች ሰጠው፤ አሚርም በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔ ሌባው በመጨረሻ ምንይሉንም ሰረቀን ብዬ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ዝናብ እየዘነበ አሚር ዴኩን በላስቲክ ሸፍኖ በኩሊ አስይዞ መጣ። ጥቁር፣ ከባድ፣ መብራት የሌለው ዴክ ነበር። ጋሽ ወልደሚካኤል ገና ሳይገጠም እጃቸውን እያሹ ዞሩት። አሚር ራሱ ሽቦውን ሰካ፣ ድምፁን አስተካከለ፤ የድሮዋን ካሴት ለእናቴ መለሰና አዲሷን አስገባ። ከዚያ እንደ ልማዱ ከአባቴ ጎን አልተቀመጠም፤ ከበሩ አጠገብ በዱካ ላይ ቁጭ አለ።

ዋሽንቱ ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። አባቴ እጁን አነሳ።

ትንፋሿ መጣች። ትልቅ ነበረች። ከሆድ የተነሳች፣ ከባድ፣ ክፍሉን የሞላች፤ መጨረሻዋ ላይ ደግሞ በቀጭኑ የምታፏጭ። ትልቋ ትንፋሽ ናት፤ ስጠብቃት የከረምኩት። ትንሿ የት እንደገባች ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ጋሽ ወልደሚካኤል አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና እናቴን አይተው ዘጉት። እናቴ መሬት መሬቱን ታያለች።

አባቴ እጁን አላወረደም። ወደ ኋላ አጠነጠነና ደግሞ ሰማ። ደግሞ አጠነጠነ። ከዚያ እንባው ያለ ድምፅ ይወርድ ጀመር፤ እሑድም ቢሆን ከቅንድቡ የማይጠፋው ዱቄት ጉንጩ ላይ ነጭ መስመር ሠራ። ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ፤ አሚር ትከሻ ላይ እጁን ጫነ።

«ይቺን አልሸጣትም» አለው።

«ብትሸጣትም አልገዛህም» አለ አሚር። ሊስቅ ሞከረ፤ ሳሉ ቀደመው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ዴክ ገዝቶ አያውቅም። እኔም ለአሚር ምሕረት አደረግሁለት፤ ከረሜላውንም መብላት ጀመርኩ። ክፉ ሰው ቢሆን ትልቋን ትንፋሽ አያመጣልንም ነበር።

አባቴ ጆሮው እንደሄደ በቃል የተነገረኝ ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ነው፤ ያን ጊዜማ ሊደበቅ የሚችል ነገር አልነበረም። ወፍጮው ጆሮውን በልቶታል፤ መጀመሪያ ቀጫጭኑን ድምፅ፣ ቀጥሎ የሰውን ንግግር፣ በመጨረሻ ሁሉንም። ስለ ዴኮቹ ያኔ ገባኝ። አሚር የሸጠለት ዕቃ ሁሉ ደህና ነበር። አንዱም አልደነዘም። የጀርመኑ ዴክ የተሻለ ዕቃ ስለሆነ ትንፋሿን አውጥቶለታል ብዬ ግን ማመኔን አልተውኩም፤ ለዚያች እሑድ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላውቅም። ጋሽ ወልደሚካኤል አረፉ፤ የሞቱ ዕለት ካርቶኑ ያልተከፈተ አምፕሊፋየር አልጋቸው ሥር ተገኘ። የመጀመሪያዋን ምሽት አላገኟትም። እናቴም አረፈች። ሳጥኗን ስናገላብጥ የድሮዋን ካሴት አገኘናት፤ ጣሪያው ሲያፈስ ውሃ ገብቶባት ክሯ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር። አዲሷ አለችን ብዬ ብዙም አላዘንኩም።

አሁን አብነት ሰፈር ባለ አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፤ አባቴ ከእኔ ጋር ነው። የአሚር ሱቅ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። እሱና ባለቤቱ ጠሂራ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚኖሩት፤ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት ሲያልቅበት እኔ ነኝ የምወስድለት። ባለፈው መጋቢት ጠሂራ ደውላ «ዛሬ ብሶበታል» አለችኝና ሮጬ ሄድኩ። አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። መድኃኒቱን ሰጠሁት፤ ሳበ፣ ያዘ፣ ለቀቀ። ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ከሆዱ አንስቶ ሳበ፤ ክፍሉን ሞላው፤ መጨረሻው ላይ በቀጭኑ አፏጨ።

ያችን ትንፋሽ በየእሑዱ ስሰማት ነው ያደግሁት።

«ጋሽ አሚር፣ እርስዎ ነዎት» አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ጠሂራ ውሃ ልታመጣ እስክትወጣ ጠበቀና ተናገረ።

«ሱቁን ዘግቼ ነው የቀዳሁት። የምንይሉን እዚያች ቦታ ላይ አጥፍቼ የኔን አስገባሁ። የሱ ዓይነት ቀጭን ላደርጋት ብዬ ነበር፤ ቀጭኗንማ አይሰማትም። ትልቅ ሳደርጋት ደግሞ የኔዋ ታፏጫለች። ደጋገምኩት፤ አልተስተካከለችም።»

«ለምን ግን?»

«ሌላ የምሸጥለት ዕቃ አልነበረኝማ» አለ። «የመጨረሻው ዴክ ነበር። ከዚያ በላይ የሚያሰማ ዕቃ ሰው አልሠራም።» ትንሽ አረፈና እጄን ያዘ። «አባትሽ እንዳያውቅ።»

እንዳልነግረው ማልኩለት። ወደ ቤት ስመለስ ግን መንገዱ አልታየኝም። የምንይሉ ትንፋሽ ለካ የትም የለችም። የድሮዋ ካሴት በስብሳለች፤ አዲሷ ላይ ያለው አሚር ነው። ያች ቀጭኗ ትንፋሽ የቀረችው በእኔ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ ምስር ስለቅም የሰማኋት፣ የማትረባ ብዬ የናቅኋት።

አሚር ረመዳን ሳይገባ ሞተ። በዕለቱ ቀበርነው። አባቴ ከድንኳኑ ሥር ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ የሰዎቹን አፍ ሲያይ ዋለ፤ ሲጸልዩ ከንፈራቸውን ያያል፣ ሲያወሩ ከንፈራቸውን ያያል። አላለቀሰም። ቤት ስንገባ ጋቢውን እንኳ ሳያወልቅ ከዴኩ ፊት ተቀመጠ።

«ምንይሉ አስም አልነበረበትም» አለ፤ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገረው፣ ጮክ ብሎ።

ፊቱ ሄጄ ተንበረከክሁ፤ አፌን እንዲያይ። «ምን አልከኝ አባዬ?»

«አስም አልነበረበትም። በየተራራው እየነፋ የሚወጣ ልጅ ነው፤ እንዲያ አያለከልክም። ያን እሑድ ገና ስሰማት አወቅኋት። አሚር ይሄን እስኪያደርግ ከደረሰ ጆሮዬ አልቆለታል ማለት ነው አልኩ። እናትሽ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለኝ ያልተቀበልኩትን አሚር ሳይነግረኝ ነገረኝ።»

ያ ሁሉ እንባ ለምንይሉ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

«ለምን አልነገርካቸውም ታዲያ?»

«ሰው ትንፋሹን ሲሰጥሽ የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል?» አለ። ከዚያ ወደ ዴኩ በአገጩ አመለከተ። «አሚርን ክፈቺልኝ።»

ከፈትኩለት። አባቴ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ደግሞ እኔ አፍ ላይ ተክሎ ተቀመጠ። ዜማው ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ከስፒከሩ አሚር ተነፈሰ። እኔም እዚያች ቦታ ላይ ከንፈሬን በትንሹ ከፍቼ፣ ትኩስ ሻይ ፉት ሊል እንደደረሰ ሰው፣ አጭርና ቀጭን አድርጌ አየር ሳብኩ።

አባቴ መዳፉን ከስፒከሩ ላይ አነሳ። ከንፈሬን ብዙ አየው።

«አዎ» አለ። «እንዲህ ነበር።»

ከዚያ እንደ ወፍጮ ቤቱ ጊዜ ጣቱን በአየር ላይ አዞረ።